መጠበቅም ሥራ ነው

ሐዘን የደረሰበትን ሰው ሦስት ቀን ማጽናናት ለብዙዎቻችን ቀላል ነው። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ዕድርተኛው ተሰብስቦ፣ ንፍሮው ቀርቦ ሳለ «እግዜር ያጥናህ» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ማንንም አያቅትም። አስቸጋሪው ነገር ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲመለስ ሐዘንተኛው ብቻውን ይቀራል፤ ሐዘኑም በእውነት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አድርጌ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ወዳጄ ልጁን ቀበረ። ሦስቱን ቀን ከቤቱ አልተለየሁም። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደምለው ስለ ቸገረኝ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ ሳልሄድ ቀረሁ። ወራት አለፉ፤ ወራቱ በበዙ ቍጥርም መሄዱ የበለጠ አሳፈረኝ። በመጨረሻ ሥራውን ለቆ ወደ ሌላ አገር መሄዱን ከሰው አፍ ሰማሁ። በቦታው ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ እኔም ከአዲሱ ሰው ጋር እየሳቅሁ ቡና ጠጣሁ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ወዳጃችን በሐዘን ተመቶ ከሥራም ከጨዋታም በተለየ ጊዜ፣ እኛ የቀረነው ምን ማድረግ ይገባናል? ቦታውን ለሌላ ሰጥተን መንገዳችንን እንቀጥል? ወይስ እንጠብቀው? ብንጠብቀውስ እስከ መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ ያገኘሁት ከማልጠብቀው ሥፍራ፣ ከሮክ ሙዚቀኞች መካከል ነው። ብዙ ታላላቆች ይህን ሙዚቃ ጩኸት ነው ይሉታል፤ ወጣቶች ደግሞ ይወዱታል። እኔ አሁን ስለ ጩኸቱ አልከራከርም፤ የምናገረው በውስጡ ስላለው ሰው ነው።

ይህ ሰው ጌዲ ሊ ይባላል። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1953 ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ራሽ በሚባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ ሠርቷል።

ቤዝ ጊታር ብዙውን ጊዜ አራት ወፍራም ክሮች ያሉት፣ ድምፁ ወደ ታች የሚወርድ መሣሪያ ነው። ሰው ዘፈን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያንጐራጕረው የዘፋኙን ዜማ ነው እንጂ የቤዙን ድምፅ አይደለም። ነገር ግን ቤዙ ዝም ያለ እንደ ሆነ ዘፈኑ መሠረቱ እንደ ተናደ ቤት ይሆናል። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰማ ሰው፣ ወፍራም ድምፅ ሳይጮኽ እንዴት ልብን እንደሚይዝ ያውቃል። ቤዝ ተጫዋቹና ከበሮ መቺው በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ እርሻው ይበላሻል። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋች ከሁሉ አስቀድሞ ሌላውን ማዳመጥ የሚማር ሰው ነው። ጌዲ ሊ ከዚህም በላይ በእጁ ቤዙን እየመታ፣ በአፉ እየዘፈነ፣ በእግሩ ደግሞ ወለሉ ላይ የተዘረጉትን መርገጫዎች እየረገጠ ሌላ ድምፅ ያወጣ ነበር። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መሥራት ምን ያህል ትዕግሥትና ልምምድ እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል።

የዚህን ሰው ጠባይ ለመረዳት ግን ወላጆቹን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቱና እናቱ የፖላንድ አይሁድ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው በናዚዎች እጅ ወድቀው አውሽቪትዝን አይተዋል። በመጨረሻም ተለያይተው አባቱ በዳኻው፣ እናቱ በበርገን ቤልሰን የእስር ሰፈር ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር በርገን ቤልሰንን በኤፕሪል 1945 ነጻ አወጣ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አባቱ፣ በዚያ የመከራ ዘመን ያወቋትን ልጅ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ፣ ፍለጋ ወጡ። እዚያው በርገን ቤልሰን በስደተኞች መካከል አገኟት፤ እዚያውም ተጋቡ፤ ከዚያ ወደ ካናዳ ሄዱ። ጌዲ ሊ እንግዲህ የአንድ ፈላጊና የአንዲት ተፈላጊ ልጅ ነው። «ጌዲ» የሚለው ስም ራሱ የእናቱ አንደበት የሰጠው ነው፤ የልደት ስሙ ጌሪ ሲሆን እናቱ በፖላንድ አነጋገራቸው ሲጠሩት ለጓደኞቹ «ጌዲ» ተብሎ ይሰማ ስለ ነበር በዚያው ጸና።

አባቱ የሞቱት እሱ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። እንደ አይሁድ ሥርዓት ለአባቱ ጸሎት ለማድረስ አሥራ አንድ ወር ያህል ወደ ምኵራብ ተመላለሰ። እናቱም ባላቸው የተውትን ሱቅ ይዘው ሦስት ልጆች አሳደጉ። ይህ ልጅ ትምህርቱን ትቶ በሙዚቃ ገባ፤ እናቱም ያን ጊዜ በዚህ ምን ያህል እንዳዘኑ መገመት አያስቸግርም። ልጅ ወላጁን ሳያሳዝን የራሱን መንገድ ይዞ መሄድ ይችላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለዛሬ እንለፈው።

ራሽ የተመሠረተው በ1968 ነው። ጌዲ ሊና የትምህርት ቤት ጓደኛው አሌክስ ላይፍሰን፣ እሱም የስደተኞች ልጅ፣ በዚያው ዓመት በዚህ ባንድ ውስጥ ተገናኙ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1974 ወጣ። በዚያው ዓመት የፊተኛው ከበሮ መቺ ጆን ረትሲ ጤናው ስላልፈቀደለት ባንዱን ተወ። በቦታው ኒል ፒርት የተባለ ወጣት ገባ፤ የገባበትም ቀን ጌዲ ሊ 21 ዓመት የሞላበት ቀን፣ ጁላይ 29 ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ተለማምደው በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ከ11,000 በሚበልጥ ሕዝብ ፊት ቆሙ።

በ1975 ያወጡት ሸክላ ሳይሸጥ ቀረ። የሸክላው ኩባንያ በራዲዮ የሚሰማ አጫጭር ዘፈን እንዲሠሩ ፈለገ። ሦስቱ ወጣቶች ግን መውደቅ የማይቀር ከሆነ በራሳችን መንገድ እንውደቅ ብለው በ1976 የአንዱን ገጽ በሙሉ የሚይዝ፣ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አወጡ። እሱም የሚያነሣቸው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው በሥራቸው አልገባባቸውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው።

በዚህ ባንድ ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ግጥሙን በአብዛኛው የሚጽፈው ከበሮ መቺው ኒል ፒርት ነበር፤ የሚዘፍነው ግን ጌዲ ሊ ነው። አንዱ በልቡ ያሰበውን ሌላው በአፉ ይናገራል ማለት ነው። በ1984 ባወጡት አልበም ውስጥ ስለ አንድ የእስር ሰፈር የሚናገር ዘፈን አለ፤ ሐሳቡ የመጣው ከጌዲ ሊ እናት ታሪክ ነው። እናቱ ነጻ በወጡበት ቀን ማመን አቅቷቸው ነበር፤ ይህ ሁሉ ግፍ ሲፈጸም ዝም ያለ ዓለም በውጭ አለ ብሎ ማሰብ ስላልቻሉ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ዓለም የጠፋ መስሏቸው ነበር። ልጃቸው ይህን ለጓደኛው ነገረው፤ ጓደኛው ጻፈው፤ ልጅየውም መልሶ ዘፈነው። የእናትህን ሐዘን አምነህ የምትሰጠው ሰው፣ ያንንም ሳያጐድል ቃል አድርጎ የሚመልስልህ ሰው እንዲያው የሥራ ባልደረባ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በኦገስት 1997 የኒል ፒርት አንዲት ልጁ በ19 ዓመቷ በመኪና አደጋ ሞተች። ከዐሥር ወር በኋላ በጁን 1998 የልጅቱ እናት በካንሰር ሞተች። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱ ባዶ ሆነ። በልጁ ቀብር ቀን ለሁለቱ ጓደኞቹ ከእንግዲህ ጡረታ የወጣሁ አድርጋችሁ ቍጠሩኝ አላቸው። ከዚያም በሞተር ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ከካናዳ እስከ አላስካ፣ ከዚያም እስከ ሜክሲኮና ከዚያ ወዲያ 88,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ዞረ።

ጌዲ ሊና አሌክስ ላይፍሰን ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ባንዱ ስም ያለው፣ አዳራሽ የሚሞላ ነበር። ጥሩ ከበሮ መቺ በአሜሪካ ምድር አይታጣም። ሰውዬው ራሱ በቃኝ ብሏል፤ እንግዲህ በሕግ ቢባል በንግድ ቢባል የሚከለክላቸው ነገር የለም። እነሱ ግን ቦታውን ለሌላ አልሰጡም። እንዲመለስም አላስቸኰሉትም። በ1998 መጨረሻ ቀደም ሲል በመድረክ የተቀረጸ ሥራቸውን አውጥተው ለሞቱት ለልጁና ለሚስቱ መታሰቢያ አደረጉት፤ ከዚያ ዝም አሉ። ጌዲ ሊ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በ2000 ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር አንድ አልበም ሠራ። የሠራው ግን በራሱ ስም ነው። የሦስቱን ስም ለብቻው አልወሰደም።

ልብ ያለው ልብ ይበል። መጠበቅ ማለት ሥራ መፍታት አይደለም፤ የአንድን ሰው ቦታ የአንድ ሰው ቦታ ነው ብሎ ማክበር ነው። መጠበቅ ማለት ደግሞ በየቀኑ «መቼ ትመጣለህ?» እያሉ በር ማንኳኳት አይደለም። እንዲህ ያለ ጠባቂ ወዳጅ ሳይሆን ባለ ዕዳ ፈላጊ ነው፤ ለሐዘንተኛው በሐዘኑ ላይ የእኛን ጉጉት ይጨምርበታል። እውነተኛው ጠባቂ «ብትመጣ ቦታህ አለ፤ ባትመጣም ወዳጄ ነህ» የሚል ነው። የፊተኛውን ብዙዎች ይሉታል፤ ሁለተኛውን ከልብ የሚል ግን ጥቂት ነው።

ኒል ፒርት እንደገና አገባ፤ በ2001 መጀመሪያም ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ይህን ሥራ በዚህ ቀን እንጨርሳለን ብለው ቀን አልቈረጡም። ከዓመት በላይ ፈጀባቸው። አልበሙ በ2002 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ በሕዝብ ፊት ቆሙ። በመጨረሻ መድረክ ላይ ከቆሙበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነሱ ስላልቸኰሉ የሚለቅሙት አልነበራቸውም።

አንድ አስተዋይ ወጣት እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «ጌታዬ፣ እነዚህ ሰዎች ባለጸጎች ናቸው፤ አምስት ዓመት ቢቀመጡ አይራቡም። የጉልት ነጋዴው ወይስ የታክሲው ረዳት እንዴት አምስት ዓመት ይጠብቃል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ተቃውሞው እውነት ነው እለዋለሁ። ሁሉ ሰው ሱቁን ዘግቶ ወዳጁን ሊጠብቅ አይችልም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። ነገር ግን ሱቁ ቢከፈት የልብ በር መዘጋት የለበትም። እኔ ከወዳጄ ጋር የምሠራውን ሥራ ማቆም አልችልም ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ደጁን መርገጥ ግን እችል ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ማፈርን መድፈር ብቻ ነበር። ድኻ በገንዘብ ምክንያት የሚቀርበት መጠበቅ አለ፤ ድኻም ባለጸጋም በእኩል የሚችሉት መጠበቅ ደግሞ አለ። የምንወቀሰው በሁለተኛው ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የተረት ያህል ያማረ በሆነ ነበር፤ ሕይወት ግን እንዲህ አያልቅም። ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ 13 ዓመት አብረው ሠሩ። በ2015 ግን ኒል ፒርት ሰውነቱ ደከመው፤ በኋላ የወለዳትንም ትንሽ ልጁን ሊያሳድግ ፈለገ። በዚያው ዓመት በኦገስት 1 ቀን በሎስ አንጀለስ የመጨረሻውን ትርኢት አቀረቡ። ከከበሮው ኋላ ወጥቶ ወደ መድረኩ ፊት የመምጣት ልማድ ያልነበረው ሰው፣ ያን ምሽት መጥቶ ሁለቱን ጓደኞቹን አቀፋቸው። ጌዲ ሊ ግን ማቆም አልፈለገም ነበር፤ ማዘኑንም በኋላ አልሸሸገም። ይህን የምጽፈው እንከኑን ላወጣ ብዬ አይደለም። ወዳጅነት ማለት ፈቃድ ሁሉ አንድ መሆን እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። አንዱ ልቀጥል ሲል ሌላው ልረፍ አለ፤ ልቀጥል ያለው ለሚያርፈው ተወለት። በ1997 ጓደኛውን የጠበቀው ሐዘኑን አይቶ ነው፤ በ2015 የተወለት ግን የራሱን ምኞት ውጦ ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል ብዬ አስባለሁ፤ ሐዘን የሁሉን ልብ ያራራል፣ የጓደኛን ድካም ግን ብዙ ሰው እንደ ሰበብ ይቈጥረዋል።

ከአንድ ዓመት በኋላ በ2016 ኒል ፒርት የአንጐል ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ነገሩ ከቅርብ ሰዎች እንዳይወጣ ፈለገ። ሁለቱ ጓደኞቹም ከሦስት ዓመት በላይ ምሥጢሩን ጠበቁ፤ ወደ ቤቱም እየሄዱ ይጠይቁት ነበር። ስለ ባንዱ የሚጠይቃቸውን ሰው እውነቱን ሊነግሩት ስለማይችሉ ማሳበል ግድ ሆነባቸው፤ ይህም ከብዷቸው እንደ ነበር ጌዲ ሊ በኋላ ተናግሯል። ውሸት ውሸት ነው፤ እኔም መልካም ነው ብዬ ላስተምር አልደፍርም። ነገር ግን የሌላን ሰው ሕመም ወሬ አድርጎ ማደል ከዚያ የከፋ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ጌዲ ሊ ቀድሞ የጓደኛውን ቃል ይዞ ይዘፍን ነበር፤ አሁን ደግሞ የጓደኛውን ዝምታ ያዘለት። ኒል ፒርት በጃንዋሪ 7 ቀን 2020 በ67 ዓመቱ ዐረፈ፤ ዓለምም የሰማው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል። የማይመለሰውን ሰው እስከ መቼ እንጠብቃለን? ጌዲ ሊና አሌክስ ላይፍሰን ለረጅም ጊዜ በዚህ ስም ወደ ጕዞ አልወጡም። በ2022 አንድ ሌላ ከበሮ መቺ ሞቶ ለመታሰቢያው በለንደንና በሎስ አንጀለስ በተደረገ ትርኢት ላይ ከሌሎች ጋር ጥቂት ዘፈኖቻቸውን ተጫወቱ። በኦክቶበር 2025 ደግሞ አኒካ ኒለስ ከተባለች ጀርመናዊት ከበሮ መቺ ጋር በ2026 በየከተማው ሊዞሩ መሆናቸውን አስታወቁ። የሟቹ ባለቤትና ልጅም ሐሳቡን እንደሚደግፉ በይፋ ገለጹ።

አንዳንድ ሰው ይህን ክሕደት ሊለው ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። ኒል ፒርት ራሱ የገባው ጆን ረትሲ በለቀቀው ወንበር ላይ እንደ ነበረ እናስታውስ። ወንበር ማንም ሲቀመጥበት የኖረና የሚኖርበት ነገር ነው። ክሕደት የሚሆነው በወንበሩ ላይ ሰው መቀመጡ ሳይሆን፣ የተነሣው ሰው እንዳልነበረ ሲቈጠር ነው። በ1998 ወንበሩን ለሌላ መስጠት ጓደኛቸውን በሕይወቱ ሳለ መቅበር በሆነ ነበር፤ ከሞተ ከአምስት ዓመት በላይ ቈይቶ፣ ቤተሰቡን አማክሮ ስሙን አክብሮ መጫወት ግን መታሰቢያውን ማንሣት ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ጊዜውና አኳኋኑ ግን ለየው። ምግባር ብዙ ጊዜ የሚለካው በተደረገው ነገር ሳይሆን በተደረገበት ጊዜ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ ከጓደኞችህ ጋር ሥራ ትጀምር ይሆናል፤ ሱቅም ይሁን፣ ማኅበርም ይሁን፣ የሙዚቃ ባንድም ይሁን። ድምፅህ ከፍ ብሎ የሚሰማ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን የቤዙን ሥራ ተማር፤ ሌላውን ማዳመጥ፣ ከታች ሆኖ መሸከም፣ ጓደኛህ ሲዘገይም ጥሎ አለመሮጥ ማለት ነው። አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ምን ልበለው ብለህ አትጨነቅ፤ የሚባል ነገር ብዙ ጊዜ የለም። ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ። በአርባው ሂድ፤ በሰማንያው ሂድ፤ ማንም በማይሄድበት ተራ ማክሰኞም ሂድ።

እኔም ይህን ጽሑፍ ከጨረስሁ በኋላ የዚያን ወዳጄን አድራሻ ከሚያውቁ ሰዎች አፈላልጌ አገኘሁ። የጻፍሁለት ደብዳቤ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ልኬዋለሁ። መልስ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ባይመጣም እጠብቃለሁ።